«ይበል» ያለው ማን ነው?

ላሊበላ፣ ጥቅምት ፲፬ ቀን ፳፻፲፯ ዓ.ም.

ይድረስ ለልጄ ለሙሉሃብት፣ ሃምቡርግ።

የአያትሽ የወይዘሮ አልጣሽ አምላክ በሄድሽበት ሁሉ አይለይሽ። እኔ ከነቤተሰቤ ደኅና ነኝ። ሙጃ ያሉት ወገኖችሽ ስንዴው እንደ አምናው እንዳልሆነ፣ ገብሱ ግን ጥሩ እንደያዘ ልከውብኛል።

ይህን የምጽፍልሽ በእጄ ነው። ሆቴሉን የሚያስተዳድረው ምንይችል በስልኩ ፎቶ አንሥቶ ይልክልሻል፤ የአንቺንም መልስ በሆቴሉ ማተሚያ አትሞ በፖስታ ያመጣልኛል። ልጄ ምስጋኑ መጻጻፋችንን አያውቅም። ምንይችል ማንበቡ አይቀርም። ምንይችል፣ ይኸን ካነበብህ፣ አላነበብህም።

የልጄን ስም በምትሠሪበት ድርጅት ስላስገባሽልኝ ውለታሽን ፈጣሪ ይክፈልልኝ። እንደምታውቂው ከዩኒቨርሲቲ ከወጣ አራት ዓመቱ ነው። በሶፍትዌር ተመርቆ እዚህ ያገኘው ሥራ ለሆቴሉ የክፍል ማስያዣ ገጽ መሥራት ብቻ ነበር። እንግዳ ሲጠፋ ገጹም ሥራ ፈታ፤ እሱም አብሮ።

በጽሑፍ የላካችሁለትን ፈተና አለፈ። ሁለተኛው፣ በካሜራ የሚደረገው ቃለ መጠይቅ፣ ጥቅምት ፲፩ ቀን ነበር። ምንይችል ሁለተኛ ፎቅ ላይ ካሉት ባዶ ክፍሎች አንዱን ከፈተለት፤ መብራት ቢጠፋ ብሎ ጄኔሬተሩንም አሰናዳ። ልጁ ነጭ ሸሚዝ ለብሶ፣ ነጠላ ደርቦ ገባ። አንድ ሰዓት ያህል ቆይቶ ወጣ። እንዴት ነበር ብዬ ብጠይቀው «ደኅና» አለኝ። ከዚያ ወዲህ ሌላ ቃል አልወጣውም። እናቱ አመተ ጊዮርጊስ ያቀረበችለትን ገፋ አድርጎ ይነሣል።

እኔ በዚያ ቀን ደብር ነበርሁ፤ የሆነውን አላየሁም። የምጠይቅሽ አንድ ነገር ነው። እነዚህ ሰዎች የሚመዝኑት የልጁን መልስ ብቻ ነው? ወይስ ከመልሱ ውጭ የሰሙትንም ነገር ይቆጥራሉ?

ዘመድሽ
መሪጌታ ሰይፈ ሥላሴ


ሃምቡርግ፣ ኅዳር 3 ቀን 2017 ዓ.ም.

የተከበሩ የኔታ፣

ጤናዎን እመኛለሁ። ለእትዬ አመተ ጊዮርጊስ ሰላምታዬን ያድርሱልኝ። ከሙጃ መጥቼ በቤትዎ ሆኜ የተማርኩባቸውን ሁለት ዓመታት አልረሳሁም።

የዘገየሁት ነገሩ እስኪጠራልኝ ነው። አሁንም አልጠራም። ምስጋኑን አልፏል አላሉም፤ ወድቋልም አላሉም። «አጠራጣሪ» ብለው አቆይተውታል። ያቀረብኩት እኔ ስለሆንኩ ከፈታኞቹ ጋር መቀመጥ አልተፈቀደልኝም፤ የምነግርዎ የሰማሁትን ነው።

ፈታኞቹ ሦስት ነበሩ። ጥያቄው የጭነት መኪኖችን መንገድ የሚደለድል ፕሮግራም መጻፍ ነበር፤ የትኛው መኪና የትኛውን ዕቃ ይዞ በየት በኩል ቢሄድ እንደሚቀልል። ከመጀመሩ በፊት «እያሰብክ ተናገር» ብለውታል። ይህ እዚህ ደንብ ነው። ሰዎቹ መልሱን ብቻ ሳይሆን ወደ መልሱ የሚሄድበትን መንገድ ማየት ይፈልጋሉ። የሚሳሳት ከሆነም ሲሳሳት መስማት ይፈልጋሉ።

ምስጋኑ ጥያቄውን አነበበ። ከዚያ ነጠላውን በራሱ ላይ ጣለና ፊቱን ሸፈነ። አሥራ አንድ ደቂቃ አልተናገረም። ከፈታኞቹ አንዷ ሁለት ጊዜ «አለህ?» ብላዋለች። በመጨረሻ ነጠላውን ገለጠና ጮክ ብሎ እየተናገረ ኮዱን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ሳይቆም ጻፈው። አንድ ስሕተት አልነበረበትም።

ለእነሱ ጥፋቱ ይኸው ነው። ዘንድሮ በካሜራ ከሚፈተኑት ብዙዎቹ መልሱን ከሰው ሠራሽ አስተውሎት ወይም ጥግ ላይ ከተቀመጠ ሰው እየተቀበሉ የራሳቸው አስመስለው ያቀርባሉ። እነዚህ ሰዎች የሚታወቁበት ምልክት ረጅም ዝምታ፣ ከዝምታውም በኋላ እንከን የሌለው መልስ ነው።

ሌላም ነገር አለ ብለውኛል። የሰው ድምፅ ነው። ገና እያጣሩት ነው። ማጭበርበር ነው ብለው ከወሰኑ ይህ ከስሙ ጋር በመዝገባቸው ይቀመጣል፤ አብረዋቸው የሚሠሩ ድርጅቶችም ያዩታል። ስለዚህ በግልጽ ልጠይቅዎ። በዚያ ክፍል ውስጥ ከምስጋኑ ሌላ ማን ነበር?

አክባሪዎ
ሙሉሃብት


ላሊበላ፣ ኅዳር ፳ ቀን ፳፻፲፯ ዓ.ም.

ልጄ ሙሉሃብት፣

ጠባቂ መልአክሽ በባዕድ አገር ከፊትሽ ይቅደም። ደብዳቤሽ ደርሶኛል። ከስምሽ ሥር በፈረንጅ ፊደል ያለችውን መስመር ምንይችል «የክፍል ኃላፊ ማለት ነው፤ ሠራተኛ ሲቀጠር ከሚወስኑት አንዷ ናት» ብሎ ተረጎመልኝ። ደስ አለኝ። ለአመተ ጊዮርጊስም ነገርኋት።

ስለ ነጠላው ልንገርሽ። ምስጋኑ ከስምንት ዓመቱ ጀምሮ ከእኔ ዘንድ ቅኔ ሲማር እንደነበር ታውቂያለሽ፤ ጠዋት ከእኔ፣ ከሰዓት በኋላ ከአስኳላ። ቅኔ የሚቆጥር ተማሪ ከሰው ይለያል፤ ቦታ ባያገኝ ራሱን ይሸፍናል። በልቡ ያፈርሳል፣ ይሠራል፤ ሲያልቅ መጥቶ ለመምህሩ ይነግራል። ያላለቀ ይዞ የሚመጣ የለም። ምስጋኑ ዐሥራ ሁለት ዓመት ሲሆነው አንድ ቀን መጣ። ሦስት ቤት፣ ሦስት ስንኝ፣ መሆን የሚገባውን ቅኔ ሁለቱን ብቻ ነግሮኝ ቆመ።

«ሦስተኛው ቤት የታለ?» አልሁት።

«እየመጣ ነው፣ የኔታ።»

«እንግዲያው ሲመጣ አብራችሁ ኑ።»

ጓደኞቹ ሳቁበት። ሦስት ቀን ጠፍቶ አብረው መጡ። ከዚያ ወዲህ ያልተዘጋ ነገር ከአፉ ሰምቼ አላውቅም። ጓደኞቹ እስካሁን «ሦስተኛው ቤትህ ደኅና ነው?» ይሉታል። እንግዲህ ራሱን የሸፈነው ከሌላ ሊቀበል አይደለም። ባዶ እጁን ላለመታየት ነው። ይህን ንገሪልኝ።

ክፍሉን በተመለከተ፣ ክፍሉ ጠባብ ነው። አንድ አልጋና አንድ ጠረጴዛ አለው። መስኮቱ ወደ ምሥራቅ ነው።

የኔሰው የሚባል አብሮ አደጉ በአፋር በኩል አድርጎ ሳዑዲ ሊገባ እየተሰናዳ ነው። ምስጋኑ ቀኑን ከእሱ ጋር መዋል ጀምሯል። ከእናንተ ምላሽ ካጣ አብሮት እንደሚሄድ ለእናቱ ነግሯታል፤ ለእኔ አልነገረኝም። አመተ ጊዮርጊስ ጫማውን ደብቃለች። በነጠላ ጫማ የሄዱ ስንት እንደሆኑ ታውቃለች፤ ግን ደብቃለች።

ዘመድሽ
መሪጌታ ሰይፈ ሥላሴ


ሃምቡርግ፣ ታኅሣሥ 2 ቀን 2017 ዓ.ም.

የተከበሩ የኔታ፣

ከነቤተሰብዎ ሰላም እንደሆናችሁ አምናለሁ።

ባለፈው ሰኞ የቃለ መጠይቁን ቅጂ አምጥተው ሰጡኝ። በድርጅቱ ውስጥ ከእኔ ሌላ አማርኛ የሚያውቅ ሰው የለም። በሠላሳ ስምንተኛው ደቂቃ ላይ ከካሜራው ውጭ የሆነ የወንድ ድምፅ ይሰማል፤ ምን እንዳለ ተርጉሚልን አሉኝ። ቃሉ አንድ ነው። «ይበል» ይላል።

የኔታ፣ ድምፁ የእርስዎ ነው። ሁለት ዓመት ሙሉ ከግድግዳው ማዶ ስሰማው ኖሬያለሁ።

እስካሁን አልመለስኩላቸውም። ምክንያቱን ልንገርዎ፤ ከእኔ በፊት ያጠፉት እርስዎ እንዳይመስልዎ ብዬ ነው። ምስጋኑን ሳቀርብ የሞላሁት ቅጽ ነበር። «ከአመልካቹ ጋር ዝምድና አለሽ?» ይላል። «የለኝም» አልኩ። ለእነሱ ዘመድ ማለት ወንድም፣ እኅት፣ ቢበዛ የአጎት ልጅ ነው፤ ለራሴ የነገርኩት ይህን ነው። አያቴና አባትዎ ግን የአክስትና የአጎት ልጆች ናቸው። ለጋብቻ የማይሆነኝን ሰው ዘመዴ አይደለም ብዬ ፈረምኩ። ብጠይቃቸው ኖሮ ምን ማለታቸው እንደሆነ ይነግሩኝ ነበር። አልጠየቅኩም።

አሁን «ድምፁ የአባቱ ነው፤ ቃሉም ምስጋና እንጂ መልስ አይደለም» ብል የሚከተለው ጥያቄ «አንቺ የአባቱን ድምፅ እንዴት ለየሽው?» ነው። ዝም ብል ምስጋኑ አጭበርባሪ ተብሎ ይመዘገባል። እስከ ጥር መጀመሪያ ጊዜ ሰጥተውኛል።

ጽፈው ይንገሩኝ። እዚያ ለምን ገቡ? ከዚያች ቃል በፊትስ ያሉት ነገር አለ?

አክባሪዎ
ሙሉሃብት


ላሊበላ፣ ታኅሣሥ ፳፬ ቀን ፳፻፲፯ ዓ.ም.

ልጄ ሙሉሃብት፣

እግዚአብሔር ከሰው ፊት ይጠብቅሽ። ኔትወርክ ለሁለት ሳምንት ተቋርጦ ስለነበር ደብዳቤሽ የደረሰኝ ትናንት ነው። የልደት እንግዶች በእግር መግባት ጀምረዋል። አገልግሎቱ በዝቷል፤ ይኸን ግን አስቀድሜ ልጻፍ።

ደብር አልነበርሁም። ዋሽቼሻለሁ። ለንስሐ አባቴ ነግሬ ቀኖና ተቀብያለሁ፤ «የዋሸሃትን ራሷን ይቅርታ ጠይቅ» ብለውኛል። ይቅር በዪኝ።

የገባሁት እኔው ራሴ አስቸግሬ ነው። ተማሪ መምህሩ በሌለበት ሲነግር አይቼ ስለማላውቅ ብቻውን እንዲገባ አልሆነልኝም። ምስጋኑ እሺ አለ። ካሜራው ከማያየው ከአልጋው ጫፍ አስቀመጠኝና «ምንም እንዳይናገሩ፣ የኔታ» አለኝ። በቤት አባዬ ነው የሚለኝ፤ በትምህርት ሲሆን ግን የኔታ ይለኛል። በዚያ ቀን የኔታ አለኝ።

እንግሊዝኛ አላውቅም። ራሱን ሲሸፍን አወቅሁት፤ እየቆጠረ ነው አልሁ። ገልጦ መናገር ሲጀምር ግን ያለውን ሳልሰማ ድምፁን ሰማሁ። ወጣ፣ ቆመ፣ ደግሞ ወጣ። ከዚያ ወረደ፤ የመጨረሻው ቤት ሲመታ እንደሚወርደው። ሠላሳ ዓመት ስል የኖርሁት ነገር ነው፤ ሳላስበው አመለጠኝ። ምስጋኑ ዞሮ አየኝ። ከዚያ ቀን ወዲህም ምንም አላለኝም፤ አባዬም አላለኝም።

ከዚያ በፊት ቃል አልተነፈስሁም። ነገር ግን አንድ ነገር ልምል አልችልም። በእርግጥ ጨርሶ ነበር? ጨርሷል ብዬ ያመንሁት በድምፁ ነው። ሳይጨርስ ብዬው ከሆነ ጥፋቱ የእኔ ነው። ቅጂው ያውቃል፤ እሱን ተመልከቺ።

ለእኛ ብለሽ እንጀራሽን አታበላሺ። ዝም ብትዪ ቅር አልሰኝብሽም። ይህን የምልሽ ስለሚገባ ነው። በልቤ ግን እንድትናገሪልኝ እፈልጋለሁ፤ ሁለተኛ እንዳልዋሽሽ ብዬ ነው የምጽፈው። የሰው ቅኔ ሰርቆ የራሱ አስመስሎ የነገረ ተማሪ ከአንድም ጉባኤ ቤት አይቀመጥም። ልጄ በማያየው መዝገብ ላይ እንዲህ ተብሎ ሲጻፍበት መታገሥ አልችልም።

መሪጌታ ሰይፈ ሥላሴ


ሃምቡርግ፣ ጥር 9 ቀን 2017 ዓ.ም.

የተከበሩ የኔታ፣

እንኳን ከልደቱ ለጥምቀቱ አደረሰዎ።

ነገርኳቸው። ሁሉንም። ቃሉ «እንዲህ ይበል» እንደማለት መሆኑን፣ ተማሪ ጨርሶ ሲያምር እንጂ ከዚያ በፊት እንደማይባል ጻፍኩ። ስለ ነጠላውም ጻፍኩ። ከዚያ ቅጂውን አብረን አየነው። ምስጋኑ የመጨረሻዋን ፊደል የመታው በሠላሳ ስምንት ደቂቃ ከሃያ አንድ ሰከንድ ላይ ነው። የእርስዎ ድምፅ የመጣው በሃያ ስድስተኛው ሰከንድ ላይ ነው። ጨርሶ ነበር፣ የኔታ። በአምስት ሰከንድ።

በዚያ ዝምታ ውስጥም ምንም ድምፅ የለም፤ የውጭ ዶሮ ብቻ ይሰማል። ማጭበርበር የሚለውን ሰርዘዋል። ጥር 27 ቀን በአዳዲስ ፈታኞች ዳግም ይፈትኑታል። ጥያቄዎቹ ሌላ ይሆናሉ። ብቻውን ይሁን፣ ራሱን አይሸፍን፣ እያሰበ ይናገር ብለዋል። ለእሱም ጽፈውለታል።

ይህን የመጨረሻውን እኔ ላስተምረው አልችልም። ያላለቀ ነገር እንዳይናገር ያስተማሩት እርስዎ ነዎት። ይናገር ዘንድ ካልፈቀዱለት አይናገርም።

ስለ እኔ የሚጻፍ ነገር የለም። ሁሉም ተጠናቋል።

አክባሪዎ
ሙሉሃብት


ላሊበላ፣ የካቲት ፳፱ ቀን ፳፻፲፯ ዓ.ም.

ልጄ ሙሉሃብት፣

ጾሙን አስጀምሮ ያስፈጽምሽ። ብዙ ቆየሁ፤ ሁሉንም በአንድ ልጽፍልሽ ብዬ ነው።

ደብዳቤሽ በደረሰኝ ማግስት ምስጋኑን ጠራሁት። ከአንቺ ጋር መጻጻፌን፣ የጻፍሁትንና የጻፍሽውን ነገርሁት። ሲሰማ ቆየና «ምንይችልም አንብቦታል ማለት ነው» አለ። አዎ አልሁት። በሦስት ወር ውስጥ የሳቀው ያን ጊዜ ብቻ ነው።

ከዚያ ያልተዘጋ ነገር ንገረኝ አልሁት። አልሆነለትም። አፉን ይከፍትና ይመለሳል። ሦስት ቀን እንዲያው ቀረን። በአራተኛው ቀን እኔ ጀመርሁ። ያላለቀ ቅኔ በፊቱ እየቆጠርሁ፣ እያፈረስሁ፣ «ይኸ አይሆንም፣ ይኸም አይሆንም፣ ይኸ ምናልባት» ስል ሰማኝ። ይህን ተማሪ ፊት አድርጌው አላውቅም፤ ላብ አጠመቀኝ። ምስጋኑ ዐይኑን ከመሬት አላነሣም። ከዚያ እሱ ቀጠለ። በአማርኛ ነበር የሚያስበው፤ ለእኔ ብሎ። «መኪናው በዚህ ቢሄድ... አይ፣ ይቆይ። ተሳስቻለሁ። ይቆይ።» መቋሚያዬን ይዤ ነበር፤ እጄ እስኪደነዝዝ ጨብጬው ነበር። ከዚያ ቀን ጀምሮ አባዬ ይለኛል።

ለጥር ፳፯ በዋዜማው ተነሥቼ በእግሬ ይምርሐነ ክርስቶስ ሄድሁ። ሆቴሉ አጠገብ ብሆን፣ ሜዳ ላይ ብሆንም ጆሮዬ ወደዚያ ይሄዳልና ራሴን አላመንሁትም። ዋሻው ውስጥ ያገኘሁት ቄስ ያውቀኛል።

«መሪጌታ፣ ለስእለት ነው?» አለኝ።

«አይደለም። ዝም ለማለት ነው።»

«ላሊበላ ዝም ማለት አይቻልም?»

«እኔ አልቻልሁም» አልሁት።

ስመለስ ምስጋኑ ነገረኝ። ጥያቄው ሦስት ነበር። ሁለቱን እየተናገረ ሠራቸው። አንዱን እየሠራ ሳለ ተሳስቶ፣ መሳሳቱን ተናግሮ፣ አስተካከለ። ሦስተኛውን «አላውቅም» አላቸው። እኔ ዘንድ አላውቅም ብሎ አያውቅም። ከባድ ነበር ወይ ብዬ ብጠይቀው «ቀላል ቃል ነው፣ አባዬ» አለኝ።

መልሱ ከዐሥራ አምስት ቀን በኋላ መጣ። አልወሰዱትም። ምንይችል ቃል በቃል ተረጎመልኝ። አስተሳሰቡ ግልጽ ነው፣ ፍጥነት ይጎድለዋል፣ ቦታው ለሌላ ሰው ተሰጥቷል፣ ከስድስት ወር በኋላ እንደገና ማመልከት ይችላል ይላል። ሌባ የምትል ቃል አለችበት ወይ ብዬ ሁለት ጊዜ አስነበብሁት። የለችም። ምስጋኑ ወረቀቱን አጥፎ ከዲግሪው ጋር አስቀመጠው።

የኔሰው ባለፈው ሳምንት ሄደ። ምስጋኑ እስከ መናኸሪያ ሸኝቶት ተመለሰ። እናቱ ጫማውን የሰጠችው ለዚያ መንገድ ነበር፤ እስኪመለስ ደጁ ላይ ቆማ ነበር። ትመለሳለህ ወይስ ትሄዳለህ ብዬ አልጠየቅሁትም። አሁን ናይሮቢ ላለ አንድ ድርጅት አመልክቷል። ይኸኛው ዘመድ የለንበትም። ቢያልፍም ባያልፍም እንዲያ ይሻላል።

አንድ ነገር ልበልሽ። በፊት የላክሻቸው ደብዳቤዎች ላይ ከስምሽ ሥር ያ «የክፍል ኃላፊ» የሚለው የፈረንጅ ፊደል መስመር ነበረ። በመጨረሻው ላይ የለም። ምንይችል ምናልባት ረስታው ይሆናል አለኝ። እኔም እንዲያ ይሆናል አልሁት። አልጠይቅሽም። አይቼዋለሁ ግን። አመተ ጊዮርጊስ አላየችም።

ምስጋኑ ሆቴል መሄዱን ትቶ አሁን የሚለማመደው እቤት ነው። ቀኑን ሙሉ በጓዳው በኩል ድምፁ ይሰማል፤ «ይቆይ፣ ይኸ አይደለም፣ እንደገና።» ቤቱ ባልተዘጋ ነገር ተሞልቷል። ሲሳሳት ይገባኛል፤ ምኑ ላይ እንደተሳሳተ ባላውቅም ድምፁ ይነግረኛል። ሲያርምም ይገባኛል። ያን ጊዜ ቃሏ ከምላሴ ጫፍ ትደርሳለች።

በሩ ላይ ተቀምጬ አፌን በነጠላዬ እይዛለሁ።

ዘመድሽ
መሪጌታ ሰይፈ ሥላሴ